ከሜይደን ካስል እስከ መቅደላ፦ ሀብት ፍለጋ በጥንታዊ ምሽግ ላይ

ለንደን የሚኖር ሐበሻ ቅዳሜን እንዴት እንደሚያሳልፍ የታወቀ ነው። ልጁን አማርኛ ትምህርት ያደርሳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ካለ ይደርሳል፣ ወደ ማታ ላይ ደግሞ ከወዳጆቹ ጋር ቡና ይዞ አገር ቤትን ሲያፈርስና ሲገነባ ያመሻል። እኔም ከዚህ የተለየሁ ሰው አልነበርኩም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን በወር አንድ ቅዳሜ ቦት ጫማዬን አጥልቄ፣ ጭኮና ቆሎ ቋጥሬ፣ በእንግሊዝ ገጠር ሣጥን ስፈልግ እውላለሁ። የምን ሣጥን? ትሉኝ ይሆናል።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ትንሽ ሣጥን ያዘጋጅና ውስጡ አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ጥቂት ቅራቅንቦ ጨምሮ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ካብ መሐል ይሸሽገዋል። ከዚያ ቦታው የት እንደ ሆነ ከሳተላይት የሚነበበውን ቁጥር ለሕዝብ ያወጣል። ፈላጊው ያንን ቁጥር ስልኩ ላይ አድርጎ ይጓዛል፤ ሣጥኑን ሲያገኝ ስሙንና ቀኑን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ከውስጡ አንድ ነገር ከወሰደ ዋጋው የሚመጣጠን ሌላ ነገር ይተካል፤ ከዚያ እንደ ነበረ መልሶ ይደብቀዋል። ጨዋታው የተጀመረው በግንቦት 2000 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ ሕዝብ የሚደርሰውን የሳተላይት ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህ እንዲቀር ባዘዙ በሁለተኛው ቀን ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ጫካ ውስጥ አንድ ጥቁር ባልዲ አስቀምጦ «እስቲ አግኙት» አለ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ወደዚህ ነገር የከተተችኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ናት። እኔም ልጅ ከስክሪን ላይ ዓይኗን ነቅላ ዳገት ልትወጣ ከሆነ ሣጥንም ይሁን ሰይጣን ፍለጋ እሄዳለሁ ብዬ ተስማማሁ። ሦስተኛው ጓደኛችን ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። የደላንታ ተወላጅ፣ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል፣ ዳገት ሲያዩ ግን እኔን ያስንቁኛል። የደላንታ ሰው መሆናቸውን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ያን ቅዳሜ የመረጥነው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት ክፍለ ሀገር የሚገኘውን ሜይደን ካስልን ነው። «ካስል» ስለ ተባለ እንደ ጎንደር ግንብ ያለ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበበት ግንብ የለም። ከዋተርሉ ጣቢያ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ገደማ ከሚፈጀው የባቡር ጉዞ በኋላ ዶርቼስተር ከተማ ወርዳችሁ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ስትጓዙ፣ ከፊታችሁ አንድ አረንጓዴ ኮረብታ ብቅ ይላል። ወገቡ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደራረቡ ቀለበቶች ይታያሉ። ልጄ «የተጠቀለለ እባብ ይመስላል» አለች። ጋሼ ደግሞ ቆም ብለው ትክ ብለው አዩትና «ይኼ የሰው እጅ ነው» አሉ።

አልተሳሳቱም። የኛ አምባ እግዜር ጠርቦ ያስቀመጠው ነው። ደብረ ዳሞን በገመድ ይወጡታል፤ ግሸንም ወህኒም የነገሥታት ልጆች የሚጋዙባቸው የተፈጥሮ እስር ቤቶች ነበሩ፤ ገደሉ ራሱ ግንብ፣ ገደሉ ራሱ ዘበኛ ነው። የእንግሊዝ ደቡብ ግን ለስላሳ ኮረብታ እንጂ ገደል የለውም። ስለዚህ የብረት ዘመን ሰዎች ገደሉን ራሳቸው ሠሩት። የኖራ ድንጋዩን እየቆፈሩ ጥልቅ ቦይ አወጡ፤ የወጣውን አፈርና ድንጋይ ከቦዩ በላይ ከመሩት፤ ከዚያ ሌላ ቦይ፣ ሌላ ክምር፣ እንደገና ሌላ። የመጀመሪያው ምሽግ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ገደማ ነው፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ እስኪቀረው ተስፋፋ። በአጥሩ ውስጥ ያለው ሜዳ ብቻ 19 ሄክታር ይሆናል። ዛሬ ሁሉም ሣር ለብሷል። ያኔ ግን ከሥሩ ያለው ኖራ ገና ትኩስ ስለ ነበር ኮረብታው ከሩቅ ነጭ ሆኖ ያንጸባርቅ ነበር። በምሥራቅና በምዕራብ ያሉት ሁለት በሮች ቀጥ ብለው አይገቡም፤ መንገዱ ወዲያና ወዲህ ይጠማዘዛል፤ ጠላት ጎኑን እያጋለጠ እንዲሄድ ያስገድደዋል። እኛም ስንገባ በጎቹ ከክምሩ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩን የተከበብን ያህል ተሰማኝ።

እዚህ ላይ ስለ ወንጭፍ ላውጋችሁ። ይህን ቦታ ከ1934 እስከ 1937 የቆፈረው ሞርቲመር ዊለር የሚባለው ስመ ጥር አርኪዮሎጂስት ነው፤ ከባለቤቱ ከቴሳ ጋር ነበር የጀመረው፣ እሷ ግን ሥራው ሳያልቅ በ1936 ዐረፈች። በምሥራቁ በር አካባቢ ሲቆፍሩ ከ20 ሺህ የሚበልጥ ድቡልቡል ጠጠር በአንድ ጉድጓድ ተከማችቶ አገኙ። ከባሕር ዳር ተለቅሞ የመጣ፣ እያንዳንዱ በመዳፍ የሚያዝ። የወንጭፍ ጥይት መሆኑ ነው። ይህን ከምልክቱ ሰሌዳ ላይ ለጋሼ ሳነብላቸው ሳቃቸው መጣ። «እኛ ማማ ላይ ሆነን ማሽላ የምንጠብቅበት ነው እኮ! ወፍ ብታርፍ ወፍ፣ ዝንጀሮ ቢመጣ ዝንጀሮ። ይኼ ሁሉ ምሽግ፣ ይኼ ሁሉ ቁፋሮ፣ መጨረሻው ወንጭፍ ነው በለኛ!» ከዚያ ለልጄ ከአንገት ልብሳቸው ጫፍ ላይ ወንጭፍ እንዴት እንደሚታጠፍ ያሳዩዋት ጀመር። አንድ ውሻ ይዛ የምታልፍ እንግሊዛዊት ፈገግ ብላ አለፈች። ጠጠር ግን አልወረወርንም፤ በጎቹ የሰው ናቸው።

ከመነሣታችን በፊት አንድ የማውቀው ሰው «ለምን ባዶ እጃችሁን ትሄዳላችሁ? የብረት መፈለጊያ መሣሪያ አለኝ፣ ላበድራችሁ። እንደዚያ ያለ ቦታ ወርቅ አይጠፋም» ብሎኝ ነበር። እዚህ አገር ብዙ ሰው ያንን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሻ ለእርሻ ሲዞር ይታያል። እኔ ግን ሕጉን አንብቤ ስለ ነበር እምቢ አልኩት፤ አንባቢም ቢያውቀው ይጠቅመዋል። በ1979 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ እንዲህ ባለ ጥበቃ በሚደረግለት ቦታ ላይ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ በመሣሪያው መጠቀምን ወንጀል ያደርገዋል። በሌላ መሬት ላይ ቢሆን እንኳ የባለ መሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደግሞም በ1996 የወጣ ሌላ ሕግ አለ፦ የከበረ ማዕድን ያለበት ጥንታዊ ሀብት ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው ሹም ማስታወቅ አለበት። ሙዚየም ልግዛው ካለ ዋጋው ይገመትና ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ላገኘውና ለባለ መሬቱ እኩል ይከፈላል።

ይህ በወረቀት የቀረ ሕግ አይደለም። በ2009 በስታፎርድሺር አንድ ሰው ገበሬ እርሻ ላይ በመሣሪያው ሲፈልግ የጥንት የአንግሎ ሳክሶን ጦረኞች ወርቅ አገኘ። አስታወቀ። ዋጋው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገመተና ከገበሬው ጋር ተካፈሉ፤ ወርቁንም የበርሚንግሃምና የስቶክ ሙዚየሞች ገዙት። በ2015 ደግሞ በሄርፎርድሺር ሁለት ሰዎች የቫይኪንግ ዘመን ወርቅና ብዙ የብር ገንዘብ አግኝተው ዝም አሉ፤ እየቆነጠሩም ሸጡት። በ2019 ፍርድ ቤቱ አንደኛውን በ10 ዓመት፣ ሁለተኛውን በስምንት ዓመት ተኩል እስራት ቀጣ። ኋላ በይግባኝ ቢቀነስላቸውም የታሪክ ሌባ እዚህ አገር እንደማንኛውም ሌባ ወኅኒ እንደሚወርድ አይተውታል። ዳኛው የገንዘቡን ዋጋ ብቻ አልነበረም የመዘኑት፤ ሕዝብ ስለ ራሱ ታሪክ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ሰርቃችኋል ነው የተባሉት።

ይህን ሁሉ በክምሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ከፔርሙሱ ሻይ እየቀዳሁ አወጋኋቸው። ጋሼ ጭኮአቸውን ዝም ብለው ያኝካሉ። ኋላ «አሥራ አራት ቀን ነው ያልከው?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ አሥራ አራት ቀን።»

«እንግዲህ ከኛ አምባ ከወሰዱ ጀምሮ ስንት አሥራ አራት ቀን ሆኗል?»

ልጄ ነገሩ የሒሳብ ጥያቄ መስሏት ስልኳን አውጥታ አሰላችው። «ከአራት ሺህ በላይ ነው አባባ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «የትኛው አምባ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የአሥራ ሁለት ዓመት የኢትዮጵያ ልጅ፣ የሮማን ንጉሠ ነገሥታት በቅደም ተከተል የምትቆጥር፣ የሄንሪ ስምንተኛን ስድስት ሚስቶች ስም የምታውቅ ልጅ፣ መቅደላን አታውቅም። ትምህርት ቤቷ አላስተማራትም፤ ሊያስተምራትም አይጠበቅበትም ይሆናል። እዚያው ሣር ላይ ተቀምጠን ነገርናት። አብዛኛውን ያወሩት ጋሼ ናቸው፤ እኔ ዓመተ ምሕረቱንና ቁጥሩን አቃበልኩ።

ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከባሕር እስከ መቅደላ ተጓዘ። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ ከአምባው ግርጌ አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። በፋሲካ ማግስት፣ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያ በኋላ ወታደሩ አምባውን በዘበዘው፤ የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር። የተዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚሆኑ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደና ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ተደረገበት። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ዋነኛው ተጫራች ነበር። ከሽያጩ የተገኘው 5 ሺህ ፓውንድ ለወታደሩ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ተራ ወታደር አራት ብር ገደማ ደረሰው።

ጋሼ ልጅ ሆነው ደላንታ ላይ ከብት ጠብቀዋል። ያ ሜዳ ጨረታ የተደረገበት መሆኑን ያወቁት ግን ለንደን መጥተው፣ በስደት ላይ ሆነው፣ ከመጽሐፍ ነው። «እዚያ ላይ ገና ተጫውተናል» አሏት ለልጄ። «የገና ጨዋታ። ዱላ ይዘን፣ እሩር እየመታን። ከእግራችን በታች ምን እንደ ተሸጠ የነገረን የለም።»

ጋሼ አንድ ነገር አልደበቋትም፤ ስለዚህም አከበርኳቸው። ከአሮጌ ውጊያ አንድ ቀን በፊት ቴዎድሮስ በመቶ የሚቆጠሩ የገዛ አገራቸውን ሰዎች፣ እስረኞችን፣ ገድለዋል፤ ወደ ገደል የተወረወሩ ነበሩ። ጋሼ ይህንንም ነገሯት። እኔ የመይሳውን ስም ለልጅ ሳወርስ ያንን መዝለል ይቀናኝ ነበር።

ወደ ሜይደን ካስል አጥንቶች ልመለስ። ዊለር ከምሥራቁ በር አጠገብ መቃብር አገኘ፤ አንዳንዶቹ ራስ ቅላቸው በሰይፍ የተሰነጠቀ፣ የአንዱ ደግሞ አከርካሪ አጥንቱ ውስጥ የብረት ጫፍ የተሰካበት። ዊለር ጥሩ ተራኪ ነበር። በ43 ዓ.ም. ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ቬስፓስያን የሮማን ሠራዊት እየመራ መጣ፣ ምሽጉን ሰበረ፣ ወንዱንም ሴቱንም ፈጀ፤ የተረፉት በሌሊት ሬሳቸውን በጥድፊያ ቀበሩ ብሎ ጻፈ። እንግሊዞች ይህን ታሪክ ለሃምሳ ዓመት ያህል እንደ ዳዊት ደገሙት። በ1985ና በ1986 እንደገና ሲቆፈር ግን የተፈጀ ምሽግ ምልክት ጠፋ። በ2025 ደግሞ የቦርንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአጥንቶቹን ዕድሜ ለክተው ውጤቱን አወጡ። ሰዎቹ በአንድ ቀን አልሞቱም። ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት ውስጥ፣ በየጊዜው በተነሣ ግጭት ነው ያለቁት። እርስ በርሳቸው ተላልቀው ነበር ማለት ነው።

ለኛ ለዘመነ መሳፍንት ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚገርመኝ እንግሊዞቹ ናቸው፤ ዘጠና ዓመት የተወደደን ታሪክ በአጥንት ፊት ጥለውት ዞር አሉ፣ ማንም ባንዳ ብሎ አልሰደባቸውም። ያ ብረት የተሰካበት አከርካሪ ዶርቼስተር ሙዚየም ይገኛል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩትና «ልጅ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ስለ ሣጥኑ ሳልነግራችሁ ብዙ ሄድኩ። ሣጥኑ ምሽጉ ውስጥ አይደለም። በጨዋታው ደንብ ምንም ነገር መቅበር ክልክል ነው፤ የባለ መሬቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። እኛ የፈለግነው ከምሽጉ ወጥተን ወደ ከተማ በሚመልሰው የእግር መንገድ ላይ፣ የእርሻ አጥር ከሚሻገሩበት ደረጃ አጠገብ ነበር። ስልኩ «ደርሳችኋል» ይላል፣ እኛ ግን ሳማ እንጂ ሣጥን አናይም። ለሃያ ደቂቃ ያህል ጋሼ በከዘራቸው፣ ልጄ በእጇ፣ እኔ በምክር ፈለግን። መጨረሻ ላይ ያገኙት ጋሼ ናቸው፤ ከአጥሩ ቋሚ በስተኋላ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖበት። «ድንጋይ እንዲህ ብቻውን አይተኛም» አሉ። ሽፍታ ስንቅ የሚደብቅበትን ከሚያውቅ አገር የመጣ ሰው ነው!

ውስጡ አንድ የፕላስቲክ ዳይኖሰር፣ የቁልፍ መያዣ፣ ሁለት የመስታወት ብይና ደብተሩ ነበሩ። ልጄ ብዩን ወሰደችና በምትኩ እኔ ከኪስ ቦርሳዬ የማላወጣትን አሥር ሳንቲም፣ አንበሳው ያለበትን፣ ላስቀምጥ አለች። ተው ልላት ከጅሎኝ ነበር። ከዚያ ስሟን በአማርኛ፣ በራሷ እጅ፣ ሀ ግዕዙን ከሀ ራብዑ ሳትለይ ጻፈችው። ጋሼ ከሥሯ በቁም ጽሕፈት ፈረሙ። ከኛ በፊት የፈረሙት የብሪስቶልና የሆላንድ ሰዎች ነበሩ።

የዶርሴት ነገር በዚህ አያበቃም። ከዶርቼስተር በስተምዕራብ ብሪድፖርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በሰኔ 2021 እዚያ ባለ አንድ የጨረታ ቤት ከመቅደላ የመጣ በቆዳ የተደጎሰ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለሽያጭ ቀርበው ነበር። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሽያጩ እንዲቆም ጠየቀ፤ ዕቃዎቹም ከጨረታው ወጡ። ሸሄራዛድ የሚባል ድርጅት ገዝቷቸው በዚያው ዓመት በመስከረም ከሌሎች የመቅደላ ቅርሶች ጋር ለኤምባሲው አስረከበ። ከደላንታ ሜዳ ወርዶ 153 ዓመት በየቤቱ የተቀመጠ ዕቃ፣ እኛ ሣጥን ከፈለግንበት ቦታ የግማሽ ሰዓት የመኪና መንገድ ላይ እንደገና ጨረታ ሊወጣበት ነበር ማለት ነው።

ተመላሹ እንዲህ በጭልፋ ነው የሚመጣው። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ጽፈው ከጠየቁ በኋላ አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰ። በ2002 ኤድንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት አገሩ ገባ። በ2019 የንጉሡ ጸጉር ተሰጠ። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ከካህናት በቀር ማንም በማይገባበት ክፍል ተቆልፎባቸዋል፤ ሙዚየሙ የ1963ቱን ሕግ እየጠቀሰ መመለስ አልችልም ሲል ኖሯል። አንድ ነገር ግን ለእንግሊዞቹ ልመስክር፦ በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን ራሳቸው በፓርላማ ቆመው ዕቃዎቹ ጭራሹን ከአቢሲኒያ መምጣታቸው እንዳሳዘናቸው ተናግረዋል። የተናገሩት ግን ሀብቱን አልመለሰውም።

ዘራፊው ያልቻለው አንድ ዕቃ አለ። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሠርተው ከደብረ ታቦር በስድስት ወር ያስጎተቱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሟል። ወደ ሰባት ቶን ይመዝናል። ልጄ ይህን ስትሰማ በጣም ደስ አላት፤ በባቡሩ ላይ ሁሉ ስለ እሱ ስትጠይቅ መጣች። ዝሆን ለምን አላነሣውም? ጎማ ነበረው ወይ? እኛ ሄደን ልንነካው እንችላለን?

ለሚቀጥለው ወር ጋሼ ዊንድሶርን መርጠዋል። ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው እዚያ ነው፤ በሰባት ዓመቱ መጥቶ፣ በ1879 ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ አርፎ። አፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። ልጄ ስልኳን ከፍታ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ብዙ ሣጥኖች መኖራቸውን አረጋግጣለች። ጋሼ የጠየቁኝ ስለ ባቡሩ ብቻ ነው። እሱም ከዋተርሉ ነው የሚነሣው።